አንደኛው «አልፈታም» ሲል፦ ያለ ትዳር ጓደኛ ፈቃድ የሚሄድ የፍቺ መንገድ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

«እኔ ካልፈረምኩ የትም አትደርሺም።» እዚህ በአዲስ አበባ ዳር፣ በአያትና በየካ አባዶ በኩል ስንቷ ሚስት ይህን ሰምታ ለዓመታት ቁጭ እንዳለች። ስንቱ ባልም እንዲሁ።

እውነት አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንደኛው ወገን ብቻውን ፍርድ ቤት ሄዶ ፍቺ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የሌላው ፊርማ አያስፈልግም። እምቢታው ጉዳዩን ሊያጓትተው ይችላል፤ ሊያስቀረው ግን አይችልም። ስለዚህ ጉልበትሽን «እሺ እንዲለኝ» በሚል ልመና ላይ አትጨርሺው። እኔ እንዳየሁት ፍቺውን ራሱን መከልከል የቻለ ተከሳሽ የለም፤ ሰው የሚጎዳው በሁለት ነገር ነው፦ መጥሪያ ባለማድረስና ንብረትን ቀድሞ ባለማስያዝ። ይህ ጽሑፍም እዚያ እዚያ ላይ ይረዝማል።

(የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ወንድ ከሆንክ ሕጉ ለአንተም ያው ነው።)

አንድ ነገር ላጥራ። ትልልቆቹ «ከባድ ጥፋት ካላገኘሽበት ዳኛ አይፈታሽም» ይላሉ። ከመሬት ተነስተው አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀም በንብረት ክፍፍሉ ይቀጣ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ይህን ቀይሮታል። አሁን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ጥፋት የማስረዳት ግዴታም የለብሽም።

መጀመሪያ፦ የትኛው ፍርድ ቤት?

መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል ነው። ለእኛ ለዳር ነዋሪዎች ግን አይደለም። መንገዱን ስትሻገሪ ሌላ አስተዳደር ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ ቋንቋውን ካልቻልሽ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ጠይቂ። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። የከተማው ፍርድ ቤት የባልና ሚስትነት ማረጋገጫ ስለሚሰጥ ብዙ ሰው ለፍቺም እዚያ ሄዶ ይመለሳል።

ታዲያ አንቺ አያት፣ እሱ ለገጣፎ ቢሆንስ? መነሻው ደንብ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው የሚል ነው። ስለዚህ መታወቂያው ላይ ያለውን ሳይሆን ዛሬ የሚያድርበትን ቤት እወቂ። ከዚያ ወደ ሬጅስትራር ሄደሽ «ተከሳሹ እዚህ ነው የሚኖረው፣ መዝገቡ እዚህ ይከፈታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ሳያጣሩ ከፍተው «ሥልጣን የለንም» ተብለው መዝገባቸው የተዘጋባቸው አሉ።

የማያፋቱሽን ቦታዎችም እወቂ። ወረዳ አያፋታም። ፖሊስም እድርም አያፋታም። ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ስለ ንብረት ለመነጋገር ሊረዳ ይችል ይሆናል እንጂ ፍቺ አይደለም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይችላል፤ ግን ሁለታችሁም እዚያ ለመዳኘት ከተስማማችሁ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ አልስማማም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በቁርባን የተጋባችሁ ከሆነ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በመንግሥት ዘንድ ያላቅቃችኋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ የራሱ መንገድ አለው። «አምስት ዓመት ተለያይተናል እኮ፣ ተፋተናል ማለት ነው» የሚለውንም አትመኚ። ፍርድ ሳትይዢ ሌላ ብታገቢ በወንጀል ያስጠይቃል።

ሳትጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ለመለያየት የፍቺ ፍርድ አያስፈልግም። ግን አብራችሁ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከኖራችሁ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው፤ ስለዚህ ከታች ስለ ንብረት የጻፍኩት ለአንቺም ይሠራል።

ወረቀት ሰብስቢ፣ ከመናገርሽ በፊት

ምክሬ አንድ ነው። «ልፈታህ ነው» ከማለትሽ በፊት ኮፒው ከቤት ይውጣ። ከተናገርሽ በኋላ ካርታው ከቁም ሳጥን ይጠፋል። ሁሌም ይጠፋል።

የሚያስፈልግሽ ይህ ነው፦ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች ልደት ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የመኪና ሊብሬ፣ ንግድ ፈቃድ ካለ እሱ፣ የሚጠቀምባቸው ባንኮች ስምና ከተገኘ የሒሳብ ቁጥር፣ የሥራ ቦታውና የደሞዙ መጠን። ደሞዙን የምታውቂበት ወረቀት ባይኖርሽ እንኳ የመሥሪያ ቤቱን ስም ያዢ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጽፎ ማስመጣት ይችላል።

የጋብቻ ወረቀት ከሌለሽ አትደንግጪ። በባህል ወይም በሃይማኖት የተጋቡ ብዙዎች ወረቀት የላቸውም። ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ፦ ሠርጉ ላይ የነበሩ፣ ጎረቤት፣ የእድር ሰዎች። የእድር መዝገብ ላይ «ከነባለቤቱ» ተብሎ የተጻፈች አንዲት መስመር ትጠቅማለች። የሠርግ ፎቶም እንደዚሁ።

እቁብን አትርሺ። መኪናው ወይም የቤቱ ቆርቆሮ በእቁብ ብር ተገዝቶ ከሆነ ዳኛውን (የእቁቡን ማለቴ ነው) በምስክርነት ያዢው። ብሩ ከየት እንደመጣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ኮፒውን እህትሽ ጋ አስቀምጪ። ስልክሽ ውስጥ ብቻ ከሆነ ስልኩ ሲሰበር ሁሉም አለቀ።

አቤቱታው

አጭር ይሁን። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፉልሽ ሰዎች የባልሽን ግፍ ሁሉ ዘርዝረው አራት ገጽ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሲነበብ ያረካል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። ሕጉ ምክንያት መግለጽን ለአንቺ ነው የተወው። ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ከተከሳሽ ጋር በዚህ ቀን ተጋብተን ይህን ያህል ልጆች ወልደናል። ትዳራችን ሊቀጥል ስላልቻለ በፍቺ እንዲፈርስልኝ እጠይቃለሁ።»

ምክንያቱን የምትጽፊው የሚያስገኝልሽ ነገር ሲኖር ነው። ድብደባ ካለ ጻፊው፤ የልጆች አስተዳደግና ቤት ውስጥ ማን ይቆይ የሚለው ላይ ዋጋ አለው። ለፍቺው ምክንያት የሆነ ጥፋት ካለ ፍርድ ቤቱ ለተጎዳው ካሳ ሊወስን ይችላል፤ ያንን የምትጠይቂ ከሆነም ጻፊ። ንብረት እየሸጠ ከሆነ ደግሞ በተለይ ጻፊ።

ከአቤቱታው ጋር የማስረጃ ዝርዝርና ቃለ መሐላ ይያያዛል። የተከሳሽን አድራሻ በደንብ ጻፊ። «ለገጣፎ» ብቻ አድራሻ አይደለም። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ቁጥር ከሌለው የቅርብ ምልክት፣ የሥራ ቦታ፣ ስልክ።

ገንዘብ ከሌለሽ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍዪ በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ፤ ከወረዳሽ ማስረጃ ይጠየቃል። ለጠበቃ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ቀላል ፍቺን ያለ ጠበቃ ማስኬድ ይቻላል። ብዙ ንብረት ካለ ግን እዚያ ላይ አትቆጥቢ።

በዚያው ቀን የሚጠየቁ ነገሮች

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ፍቺው እስኪወሰን ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ምን ትበያለሽ? ልጆቹ የት ይደሩ? ሕጉ የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ግን ካልጠየቅሽ የሚያስታውስልሽ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በአቤቱታው መጨረሻ ላይ በግልጽ ጠይቂ፦ ጊዜያዊ ቀለብ ለእኔና ለልጆች፣ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲቆዩ፣ ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ እግድ።

እግዱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይሄዳል። ለቤት ከሆነ ለመሬት ይዞታ ወይም ለቤቶች፣ ለመኪና ከሆነ ለትራንስፖርት፣ ለብር ከሆነ ለባንኩ። ደብዳቤው ከችሎት ወጥቶ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንዳይቀር ራስሽ ተከታተይው። ከተቻለ ራስሽ አድርሺና በኮፒው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቺ።

እግድ ሳይወጣ ቤት ከተሸጠስ? የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ አንቺ ስምምነት ከተሸጠ ውሉ እንዲፈርስ መክሰስ ትችያለሽ፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ያም ሆኖ ውሉ ከተደረገ ከሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም።

ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ፍቺውን አትጠብቂ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሄደሽ አመልክቺ፣ የሐኪም ማስረጃም ያዢ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

መጥሪያው፦ እውነተኛው ትግል

«አልፈታም» የሚል ሰው የመጀመሪያ ዘዴው መጥፋት ነው። መጥሪያ ካልደረሰኝ ክሱ የለም ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልግሻል፤ ግን ለሁሉም መልስ አለው።

አብዛኛውን ጊዜ መጥሪያውን የምታደርሺው አንቺ ነሽ። ብቻሽን አትሂጂ። የሰፈር ሽማግሌ፣ የወረዳ ሰው ወይም ፖሊስ ይዘሽ ሂጂ፤ ሲቀበል በኮፒው ላይ ይፈርማል።

አልቀበልም ካለስ? ከለገጣፎ ባሻገር ያለ አንድ ግቢ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰውየው በቆርቆሮው በር ቀዳዳ አይቷቸው ዘበኛውን «የለም በላቸው» አለው። ዘበኛው «ጌቶች የለሁም ብለዋል» አለ። ልጅቷ ሳቋ መጣ። አብሯት የነበረው የወረዳ ሰው ግን አልሳቀም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዘበኛው ያለውን ቃል በቃል መጥሪያው ኮፒ ላይ ጽፎ ፈረመ። ያ ወረቀት ችሎት ላይ ሲነበብ ዳኛዋ መጥሪያው በሩ ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። ተለጠፈ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ቃለ መሐላ ቀረበ። አለቀ። እንደደረሰው ተቆጠረ።

የት እንዳለ ካልታወቀ ወይም ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግለት ትጠይቂያለሽ። ብዙ ጊዜ በአዲስ ዘመን ይወጣል። ወጪው የአንቺ ነው። የወጣበትን ጋዜጣ ሙሉውን ግዢና አስቀምጪ፤ መዝገቡ ላይ ይያያዛል። ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር፦ አድራሻውን እያወቅሽ «አላውቅም» ብለሽ በጋዜጣ ካስጠራሽው በኋላ መጥቶ ፍርዱን ሊያስነሳ ይችላል። አቋራጩ ያስረዝማል።

በትክክል ተጠርቶ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በሌለበት የተወሰነበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ውሳኔውን ካወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ለዚህ ነው የመጥሪያ ወረቀቶችሽ ንጹሕ መሆን ያለባቸው።

አንቺ ራስሽ ግን ቀጠሮ እንዳትቀሪ። እሱ ቀርቦ አንቺ ብትቀሪ መዝገቡ ይዘጋል። ከዳር ሰፈር የሚመጣ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እንደሚያረፍድ ዳኛው ግድ የለውም። ቀጠሮው 3 ሰዓት ከሆነ በ2 እዚያ ሁኚ፤ ስምሽ በኮሪደሩ ሲጠራ በሩ አጠገብ ቁሚ።

ዳኛው ፊት

መጀመሪያ የሚጠብቅሽ የማስታረቅ ሙከራ ነው። ሕጉ ዳኛው ሁለታችሁን አንድ ላይም ለየብቻም እንዲያነጋግር ያዛል። ወደ መረጣችኋቸው ሽማግሌዎችም ሊልካችሁ ይችላል። ካልሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

«እምቢ» የሚለው ወገን ቁም ነገሩን የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። ለወራት ስልክ ያላነሳ ሰው ችሎት ላይ «እኔ እወዳታለሁ፣ ሽማግሌ ይግባልን» ይላል። አትጩኺ። «ሰምቻለሁ፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም» በቂ ነው። ሽማግሌ ተብሎ ከታዘዘ ሂጂ፣ ተቀመጪ፣ አዳምጪ፣ የተባለው ቀን ተመለሺ። ያልሄደችው አንቺ ከሆንሽ ጉዳዩ ይጓተታል። በማሰቢያው ጊዜ ውስጥ ግን አንድ ሌሊት «እስኪ እንሞክረው» ብለሽ ቤት ብትመለሺ ወንጀል አይደለም፤ ከልብሽ ከሆነ ደግሞ ተመለሺ። ሕጉም የሚፈልገው እሱን ነው።

ጊዜው አልቆ አንቺ ከጸናሽ ፍቺው ይወሰናል። የእሱ አለመስማማት ይመዘገባል እንጂ አያስቆምም። የፍርድ ቤት የክረምት እረፍት ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ስለሆነ ቀጠሮሽ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ከወደቀ ወደ ጥቅምት መሻገሩን ቁጠሪ።

ንብረትና ልጆች

ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ፍርድ ቤቱ በውጤቱ ላይ እንድትስማሙ ይጠይቃል። ካልተስማማችሁ ራሱ ይወስናል፣ ወይም ባለሙያ መድቦ ያስገምታል። ብዙ ጊዜ ለንብረቱ የተለየ መዝገብ ይከፈታል፤ «ተፋታሁ፣ ተገላገልኩ» ብለሽ አታሳድሪው።

ደንቡ እኩል ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበም ቢሆን። ስለዚህ «ኮንዶሚኒየሙ በእኔ ስም ነው የደረሰው» የሚል ክርክር ብቻውን አያስኬድም፤ የግሌ ነው የሚል እሱ ያስረዳ። የግል የሚሆነው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ነው። የቤት እመቤት ነሽ? ደሞዝ አልነበረሽም? ድርሻሽ ግማሽ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳውንም ትካፈላላችሁ፤ ግማሽ ቤት ስትወስጂ ግማሽ ዕዳም ይዘሽ ነው። ቤት በመጋዝ መሀሉ ተከፍሎ ስለማይካፈሉት አንዱ ለሌላው ግማሹን ከፍሎ ያስቀረዋል፤ ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ዋጋ ይሰብራል። ቂሙን ለጊዜው አስቀምጣችሁ በግምቱ ብትስማሙ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

የዳር ሰፈር ልዩ ጣጣ የጨረቃ ቤት ነው። ካርታ የለውም፣ ውሉ ከገበሬ ጋር በወረቀት የተጻፈ ነው። ፍርድ ቤት ሕጋዊ ያልሆነን ይዞታ እንዲያካፍልሽ መጠየቅ ከባድ ክርክር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ካላችሁ መዝገብ ከመክፈትሽ በፊት ጠበቃ አነጋግሪ።

ልጆችን በተመለከተ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጆቹን ጥቅም ነው፦ ዕድሜያቸውን፣ ጤናቸውን፣ የሁለታችሁን ገቢና ኑሮ። ከአንቺ ጋር ከሆኑ የመጎብኘት ጊዜ ለእሱ ይወሰናል። ጉብኝቱን በቂም አትከልክዪ፤ ያንቺኑ መዝገብ ያበላሻል። ቀለብ ካልከፈለ እየደወልሽ አትለምኚ፤ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቺና ከደሞዙ እንዲቆረጥ ጠይቂ።

ፍርዱ ከወጣ በኋላ

በማኅተም የተረጋገጠ የፍርድ ግልባጭ አውጪ፤ ከአንድ በላይ አውጪ። ይግባኝ ማለት ለሚፈልግ ጊዜው 60 ቀን ነው። ፍቺው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳሽ ሲቪል ምዝገባ መመዝገብ አለበት። ግልባጩን፣ መታወቂያሽንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፤ የፍቺ ምስክር ወረቀት ይሰጥሻል። መታወቂያሽ ላይ «ያገባች» የሚለው የሚቀየረው፣ ነገ ቤት ስትገዢ ወይም ስትሸጪ «ባለቤትሽን አምጪ» የማትባይውም በዚያ ነው።

እንደገና ለማግባት የምታስቢ ከሆነ ሴት ልጅ ከፍቺው በኋላ 180 ቀን መጠበቅ አለባት። ከዚያ በፊት ከወለድሽ፣ እርጉዝ አለመሆንሽን በሐኪም ካስረዳሽ ወይም የቀድሞ ባልሽን ራሱን መልሰሽ የምታገቢ ከሆነ ግን መጠበቅ የለብሽም።